ከስልኩ ሽቦ እስከ ደመናው፦ ሐረር፣ የሙያ ሥልጠናና የሶፍትዌር አልሚዎቿ
(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዚህ ንግግር ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «የታሪክ መምህር ስለ ክላውድ ኮምፒውቲንግ ምን አገባው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፤ የምችለው ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች እንዴትና በማን እንደሚሠለጥኑ መመልከት ነው። ይህን መመልከት የጀመርኩትም ከኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ሳይሆን ስለ ሐረር ሳነብ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ ስለገጠመኝ ነው፦ አዲስ መሣሪያ ወደዚህች ከተማ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ መሣሪያውን የሚያዝዘው ሙያ ግን ሌላ ቦታ ይቀራል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

በ1894 ገደማ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቴሌኮሙኒኬሽንን ወደ አገራችን ሲያስገቡ የመጀመሪያው ረጅም መስመር የተዘረጋው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ነበር፤ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገሪቱ የንግድ በር በምሥራቅ ነበርና፣ ከዘይላና ከጅቡቲ የሚመጣው ወሬም ዕቃም ራስ መኮንን ከሚያስተዳድሩት ከተማ ሳይደርስ መሐል አገር አይገባም። እናም ሐረር በኢትዮጵያ የሽቦ መልእክት ታሪክ ውስጥ ጫፍ አይደለችም፤ መነሻ ናት። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በዚያው በ1894 ንጉሠ ነገሥቱ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። የመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ፤ መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በቆላው በኩል አሳለፉት። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ከሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ያም ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሉት ነበር። አሮጌዋ ሐረር ከግንቧ ጋር እዚያው ተራራዋ ላይ ቀረች፤ ነጋዴው፣ ባንኩና መጋዘኑ ቀስ በቀስ ወደ ቆላ ወረደ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሐረር በቅዱስ አልዓዛር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ያቋቋሙት፣ «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለውን ጋዜጣ ያተመው ማተሚያ ቤት እንኳ ከጊዜ በኋላ ድሬዳዋ ወርዷል። አንዲት ከተማ የቴክኖሎጂ መነሻ ሆና ሳለች በአሥር ዓመት ውስጥ በአቋራጭ መታለፍ እንደምትችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አሁን ወደ ሥልጠና ልምጣ። ስለ ሐረር የሚተረከውን የውጭ አገር ሰው ሁሉ ማንሳት አልወድም፤ አንዱን ግን ልለፈው አልችልም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በታኅሣሥ 1880 የነጋዴ ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። (ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት በኋላ የአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ጎብኚ ግን ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም።) ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ከኤደን ለቤተሰቦቹ በጻፈው ደብዳቤ የመጻሕፍት ዝርዝር ልኮ ነበር። ግጥም ወይም ልብ ወለድ አይደለም የጠየቀው። የአናጢ መማሪያ፣ የቆዳ ፋቂ መማሪያ፣ የቁልፍ ሠሪ፣ የጡብ ሠሪ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የብረት አቅላጭ፣ የሻማ ሠሪ፣ የማዕድን ቆፋሪ። ሁሉም «ራስህን አስተምር» የሚሉ ዓይነት መጻሕፍት ናቸው። ኋላም የፎቶ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 በከተማዋ ፎቶ አነሣ። ነገር ግን ራምቦ ጡብ ሠሪም፣ ቆዳ ፋቂም፣ ማዕድን ቆፋሪም አልሆነም። ቡናና ቆዳ የሚነግድ ነጋዴ ሆኖ ኖረ፤ በ1891 ታሞ በቃሬዛ ወጣ።

ተማሪዎቼ በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶችን ለመከታተል ሲመዘገቡ ሳይ ይህ ዝርዝር ትዝ ይለኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን «አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለውን መርሐ ግብር ጀምሯል። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የዳታ ትንተና፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶች ይሰጡበታል፤ ላጠናቀቀም የምስክር ወረቀት አለ። ለብዙ ወጣት በር የከፈተ ነገር ነውና አላቃልለውም። ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ለብቻ የሚነበብ መማሪያ ነው፤ አጠገብህ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚል ሰው የለበትም። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ደስክቶፕ የለም፣ ክላውድም የለም። በሐረር መሥሪያ ቤቶችና ሱቆች ዛሬ የሚሠራው ሶፍትዌር ግን ባመዛኙ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ነው፤ ነገ ይሠራል የሚባለው ደግሞ በደመና። ሥልጠናው ከሁለቱም መካከል አልፎ ወጥቷል።

ጁገል ራሷ ሥልጠናን የምታውቀው በሌላ መልክ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ወደ ከተማዋ ገብቶ ብዙ ነገሯን ነቅፏል፤ አንድ ነገር ግን አድንቋል፦ የመጽሐፍ ጥረዛዋን። በጥንካሬና በውበት ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር የለም እስከማለት ደርሷል። ይህ ሙያ በመማሪያ መጽሐፍ አልተላለፈም። ልጁ ከጠራዡ አጠገብ ተቀምጦ ቆዳውን ሲያረጥብ፣ ማኅተሙን ሲጫን፣ ሲያበላሽ፣ ሲገሠጽ የተማረው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰንሰለቱ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ቤታቸው የሰበሰቧቸውን ቅርሶች ይዘው፣ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘውን ሙዚየም ሲያቋቁሙ፣ የብራና መጻሕፍቱን ማሳየት ብቻ አልበቃቸውም፤ ጥረዛውን መልሰው አጥንተው ለወጣቶች ማስተማር ጀመሩ። እኔ ይህን እንደ ባህል ጥበቃ ብቻ አላየውም። አንድ የጠፋ ቴክኖሎጂ እንዴት መልሶ ሙያ እንደሚሆን የሚያሳይ፣ ከኮምፒውተር ጉዳያችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ምሳሌ ነው።

ሌላው የአካባቢያችን ምሳሌ ከግንቡ ውጭ፣ ሐሮማያ ላይ ነው። በ1950ዎቹ በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ፣ በዛሬ ስሙ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ይዞት የመጣው ሐሳብ ማስተማርን፣ ምርምርንና ወደ ገበሬው ወጥቶ ማሠልጠንን አንድ ላይ ያሰረ ነበር። ያ ሦስተኛው እግር፣ ማለትም ገበሬውን ወደ ክፍል ከመጥራት ይልቅ ማሳው ድረስ መሄድ፣ በኮምፒውተር ሥልጠና ታሪካችን ውስጥ ሲፈለግ የማይገኝ ነው። የሶፍትዌር አልሚን ማሳ ማን ጎብኝቶ ያውቃል?

ማሳው ምን ይመስላል ላላችሁኝ፣ በአጭሩ ልግለጸው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሐረር እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ የግል ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ። የሚሰጡት «ቤዚክ ኮምፒውተር»፣ ጥገና እና ፒችትሪ ነው። ፒችትሪ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሶፍትዌር በትውልድ አገሩ ስሙ ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም በእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ ላይ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይኖራል። ከዚህ ትንሽ የገፉት ቪዥዋል ቤዚክና ማይክሮሶፍት አክሰስ ተማሩ፤ ለመድኃኒት ቤት፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያ ሠሩ። ፕሮግራሙ በፍሎፒ፣ ኋላም በፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን ይዞራል። ፈቃድ የገዛ ሰው ስለመኖሩ አትጠይቁኝ።

እዚህ ላይ የፊደላችን ነገር ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎቹም ፕሮግራሞች ፊደላችንን በኮምፒውተር ላይ አስቀምጠውልናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይጠራው ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል። ይህ የጽሕፈት ችግር ብቻ መስሎን ነበር። የዳታቤዝ ችግርም ነበር፦ የሰው ስም በአማርኛ መዝግቦ በፊደል ተራ መደርደርና መፈለግ አይቻልም። ስለዚህ አልሚው ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አስጻፈው፤ አንዱ ሙሐመድ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆነ። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ፤ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ችግሩ በዓለም ደረጃ ተፈታ። በሐረር ጠረጴዛዎች ላይ ግን አሮጌው ሶፍትዌር ብዙ ዓመት ቆየ፣ ምክንያቱም አዲሱን እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ያሠለጠነ አልነበረም። ደረጃው ደረሰ፤ ሙያው ዘገየ።

ክላውድ ኮምፒውቲንግ የሚባለው ነገር፣ ለማያውቁት፣ ምሥጢር አይደለም። የራስህን ኮምፒውተር በመግዛት ፋንታ የሌላ ሰውን ኮምፒውተር በሰዓት መከራየት ነው። በ2006 አማዞን መጀመሪያ የማከማቻ ቦታ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ የስሌት ኃይል ማከራየት ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ለሐረር ሰው ይህን ለማስረዳት ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ውኃ ነው። ከተማዋ ለዓመታት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ውኃው ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከቆላ፣ ረጅም ቧንቧ አልፎ በፓምፕ ወደ ላይ መጣ። ቧንቧው በሠራበት ቀን ቤትህ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ሞኝነት ይመስላል። መብራት በጠፋ ወይም በመንገዱ ላይ ጠብ በተነሣ ቀን ግን ጀሪካን ያለው ሰው ይከበራል። የሐረር እናቶች ውኃ ቢኖርም ባይኖርም በርሜሉን ሞልተው የሚያኖሩት ከዚህ ልምድ ተነሥተው ነው።

የኢንተርኔቱም ቧንቧ እንደዚያው ነው። በሰኔ 2020 መጨረሻ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት በደመና ላይ ያለ መዝገብ ለባለቤቱ እንደሌለ ነበር፤ በጠረጴዛው ኮምፒውተር ላይ ያለው አሮጌው የአክሰስ ፋይል ግን ይሠራ ነበር። ሌላው እንቅፋት ክፍያ ነው። የታወቁት ኩባንያዎች የነጻ ሙከራ ሒሳብ ለመክፈት እንኳ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ የወር ሒሳቡም በዶላር ነው። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት 58 ብር የማይሞላው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። አንድም የኮድ መስመር ሳይለወጥ የሰርቨር ኪራይ በብር እጥፍ ሊደርስ ተቃረበ ማለት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በብር የሚከፈልበት ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት ማቅረቡ ለዚህ መልስ ነው፤ ሥልጠናዎቻችን ግን አሁንም ባመዛኙ የሚያስተምሩት የውጮቹን ነው፣ የምስክር ወረቀቱ በዓለም የሚታወቀው የእነሱ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ለሚገኙ ወጣት አልሚዎች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ በእንግድነት ተገኝቼ ነበር። አዘጋጁን አልጠቅስም፤ የሚወቀስበት ነገር ስላለ ሳይሆን ማንም ቢያዘጋጀው ያው ይሆን ስለነበር ነው። የመጀመሪያው ቀን ሒሳብ መክፈት ነበር። ቅጹ የካርድ ቁጥር ጠየቀ። ከሃያ በላይ ሠልጣኞች መካከል ካርድ ያለው አልነበረም። አሠልጣኙ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት፣ የራሱን ሒሳብ ከፈተላቸው፤ ሁሉም በአንድ ሰው ስም ገቡ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መስመሩ ጠፋ። የሚታየው ነገር ሁሉ ባህሬን ነበርና የሚያሳየው አጣ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሊበትናቸው ሲል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ እስከዚያው እኔ የሠራሁትን ልያችሁ?» አለ።

ላፕቶፑን ከፈተ። ለአንድ መድኃኒት ቤት የሠራው የደስክቶፕ ፕሮግራም ነው፤ መድኃኒት ሲገባ ይመዘግባል፣ የማለቂያ ቀኑ የተቃረበውን በቀይ ያሳያል፣ ዱቤ ይይዛል። ክፍሉ በሙሉ ዙሪያውን ከበበው። ያን ቀን ያየሁት ሥልጠና ከሁሉ የሚሻለው ነበር፤ እንደ ጠራዡ ቤት፣ ሰው ሥራውን አውጥቶ ሌላው እያየ «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ አደረግኸው?» የሚባባልበት። አንዲት ሠልጣኝ ዱቤውን የያዘበትን ሰንጠረዥ ስሕተት አወጣችለት። ከዚያ አሠልጣኙ «ይህ ይህን ያህል ከሠራ ክላውድ ለምን ትፈልጋለህ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ መልሱን አልፈለገም ነበር፤ ዝም ካለ በኋላ ተናገረ። ባለፈው ዓመት የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር ዲስክ ተቃጥሎ የአምስት ወር መዝገብ ጠፍቷል። ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት ማወቅ አልተቻለም። ባለቤቱ ቀስ ብለው ለደንበኞቻቸው እየደወሉ «ስንት ቀርቶብዎታል?» እያሉ ጠየቁ። አብዛኛው ሰው በእውነት ነግሯቸዋል፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

ጉዳዩ ደስክቶፕ ወይስ ደመና የሚል ምርጫ አለመሆኑን እኔ የተረዳሁት ከዚህ ልጅ ነው። እሱ የሚፈልገው መስመር ሲኖርም ባይኖርም እዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፣ መስመር ሲመጣ ግን ግልባጩን ሩቅ ቦታ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው፤ በርሜልም ቧንቧም። አስቸጋሪው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። መስመር በሌለበት ሰዓት ሁለት ቅርንጫፎች የአንዱን ደንበኛ ዱቤ ለየብቻ ቢለውጡ፣ መስመሩ ሲመለስ እውነተኛው የትኛው ነው? ይህን የሚዳኝ ሕግ አልሚው ራሱ መጻፍ አለበት። የኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረቦቼ እንደሚነግሩኝ ጥያቄው በዘርፉ ከባዶቹ አንዱ ነው፤ ለእኛ ገበያ ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው። እኔ ባየኋቸው የሥልጠና መርሐ ግብሮች ውስጥ አላገኘሁትም፤ ሥልጠናዎቹ የተቀረጹት መስመር በማይጠፋበት አገር ስለሆነ ይመስለኛል። እዚህ ግን ዕለታዊ ጉዳይ ነውና፣ ማስተማሪያውን ልንጽፍ የሚገባን እኛ ነን። በአፎቻ የተደራጀች ከተማ፣ ሰርግና ለቅሶን በማኅበር የምትወጣ፣ አንድ አሮጌ ሰርቨር በጋራ ገዝታ ለሠልጣኞቿ መለማመጃ ማስቀመጥ እንዴት ያቅታታል ብዬም እጠይቃለሁ።

ወደ መነሻው ልመለስ ብዬ ነበር። በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር መጀመሪያ በነሐሴ መጨረሻ ድሬዳዋን፣ በመስከረም ደግሞ ሐረርንና ሐሮማያን ነበር የመረጠው። እንደ 1894ቱ ሁሉ በር የተከፈተው በምሥራቅ ነው። አማዞን በ2019 ባህሬን፣ በ2022 ኤምሬትስ ላይ የመረጃ ማዕከል ከፍቷል፤ ለሐረር ከኬፕታውን ይልቅ የሚቀርቡት እነዚያ ናቸው። የከተማዋ ቡና በሄደበት የባሕር አቅጣጫ ዛሬ መዝገቧ ይሄዳል። በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰው መረጃ ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ስለደነገገ፣ መድኃኒት ቤቱ የደንበኞቹን ስም ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት አልሚው አዋጁን ማንበብ ይኖርበታል። ይህንንም ማንም አላሠለጠነውም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተመለሰ። ልጁ የመድኃኒት ቤቱን ግልባጭ፣ ስሞቹን በቁጥር ተክቶ፣ ወደ ባህሬን መላክ ጀመረ። የምስክር ወረቀት እየታደለ፣ ፎቶ እየተነሣ እሱ ከመቀመጫው አልተነሣም፤ በስክሪኑ ላይ የምትሞላውን መስመር ያይ ነበር። ሲያልቅ አሠልጣኙ ትከሻውን ነካ አደረገውና አንድ ነገር አስታወሰው፦ ሒሳቡ በአሠልጣኙ ስም ነው፣ ነጻው ጊዜ አሥራ ሁለት ወር ነው፣ ከዚያ በኋላ ወይ ይከፈላል ወይ ይዘጋል። ልጁ ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፈው።